የገበሬው ስም በወንጌል ኅዳግ፦ ስለ ዘር ፍለጋ ተረትና እውነታ

ዘሩን ወደ ኋላ መቁጠር የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ አራተኛው ወይም አምስተኛው ስም ላይ ይቆማል። «ከዚያ በላይ ያሉት ገበሬዎች ናቸው፤ ማን ጽፏቸው?» ይልና ይተወዋል። ይህን ከአገር ቤት ሰውም፣ ከውጭ ለክረምት ከሚመጡ ወጣቶችም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። በሰማሁ ቁጥር ያሳዝነኛል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደርና የጎጃም ደጋ ክርስቲያን ገበሬ የጽሑፍ ፈለግ አለው። እኛ ሰውየውን በስሙ እንፈልጋለን፤ ጽሑፉ የተያዘው ግን በመሬቱና በታቦቱ ነው። ፈላጊውን ባዶ እጁን የሚመልሱት ጥቂት ሥር የሰደዱ እምነቶች ናቸው፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት፦ የገበሬ ታሪክ አልተጻፈም።

ተጽፏል። የተጻፈውም ከሁሉ በተከበረው መጽሐፍ ላይ ነው። በድሮ ደብሮች ወንጌሉን ወይም ስንክሳሩን የገለጠ ሰው በኅዳጉ፣ በዓምዶቹ መካከልና በመጨረሻዎቹ ባዶ ቅጠሎች ላይ ከቅዱሱ ቃል ጋር የማይገናኝ ጽሑፍ ያገኛል። ማን ለማን መሬት እንደ ሸጠ፣ በስንት ወቄት ወርቅ ወይም በስንት ጠገራ ብር እንደ ሆነ፣ ዋሱ ማን እንደ ነበር፣ እነማን እማኝ ሆነው እንደ ቆሙ ይዘረዝራል። ሙግት የተፈረደበት፣ ስጦታ የተሰጠበት፣ ኑዛዜ የተነገረበት ማስታወሻም አለ። በጽሑፉ ጫፍ ብዙ ጊዜ ቃሉን በሚያፈርስ ሰው ላይ የሚወርድ ግዝት ይከተላል። ወንጌሉ የተመረጠው ሰው የሚምልበት መጽሐፍ ስለሆነ ነው፤ በእርሱ ላይ የሰፈረን ውል መፋቅ የሚደፍር ጥቂት ነው።

ዶናልድ ክራሚ የተባለው የታሪክ ምሁር ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር እየዞረ እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን በፎቶግራፍ ሰብስቦ ከ13ኛው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ያለውን የመሬትና የማኅበረሰብ ታሪክ ለመጻፍ ተጠቅሞባቸዋል። ለተራው አንባቢ ደስ የሚለው ነገር የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን ማስታወሻዎች በአብዛኛው በአማርኛ መጻፋቸው ነው። መክፈቻቸውና መዝጊያቸው ግእዝ ሊሆን ይችላል፤ ፍሬ ነገሩ ግን አያቶቻችን ይናገሩት የነበረው ቋንቋ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መሸፋፈን አልፈልግም። መዝገቡ ለሁሉም እኩል አልነበረም። ርስት ያለው ገበሬ ሻጭ፣ ዋስ ወይም እማኝ ሆኖ ይገኛል፤ በሌላው መሬት ላይ የሚያርሰው ብዙ ጊዜ ያለ ስም ያልፋል። ዛሬ በኩራት የምንጠራበት «ዜጋ» የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ሰነዶች ውስጥ ርስት የሌለውን፣ በጌታው መሬት ላይ እየሠራ የሚያድረውን ጥገኛ ሰው ያመለክታል። ቤተሰቡ ከነዚህ ወገን የሆነ ሰው ቅድመ አያቱን በቀጥታ ባያገኝ ሊደንቀው አይገባም፤ የጌታውን መሬት ከተከተለ ግን አጠገቡ ይደርሳል።

ተረት፦ ርስት የሚወርደው በአባት በኩል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሴቶቹን መከተል ዋጋ የለውም።

ከሁሉ ይልቅ ቤተሰብ የሚያጠፋው ስሕተት ይህ ነው። በአማራው ደጋ ርስት በአባትም በእናትም በኩል ከአቅኚው አባት የሚቆጠር መብት ነበር። ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ትካፈላለች፤ ሰውም በሚስቱ ርስት ላይ ሲያርስ ይኖራል። አለን ሆበን በ1950ዎቹ ዓ.ም. በጎጃም ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናው ሥርዓት ይኸው ነው፤ አንድ ገበሬ በአራትና በአምስት አያቶች በኩል በተለያየ ቦታ ርስት ሊጠይቅ ይችላል። በጎንደር ሰነዶችም ሴቶች መሬት ሲሸጡ፣ ሲገዙና ሲሟገቱ በብዛት ይታያሉ፤ ክራሚ ስለ እነርሱ ብቻ ራሱን የቻለ ጥናት እስከ መጻፍ ደርሷል።

በዚህ ላይ የአገራችን ስም አወጣጥ ያግዘናል። ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም። እንግሊዛዊ ተመራማሪ ቅድመ አያቱ ከጋብቻዋ በፊት ማን ትባል እንደ ነበር ለማወቅ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ የእኛዋ ሴት ግን በውሉ ላይም በሙግቱ ላይም የአባቷን ስም ይዛ ትቆማለች። በወንድ መስመር ሄዶ የተዘጋበት ሰው ወደ አያቱ እናት ይዙር፤ ብዙ ጊዜ በሩ የሚከፈተው በዚያ ነው።

ተረት፦ ኑዛዜ ማለት ተናዛዡ የፈረመበት ወረቀት ነው፤ ወረቀት ካልተገኘ ኑዛዜ አልነበረም።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን ገበሬ የሚናዘዘው በቃሉ ነው። ሕመሙ ሲጠና የነፍስ አባቱና ሽማግሌዎች ይጠራሉ፤ ዕዳውን፣ አደራውን፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠውን፣ ለልጆቹ የሚተወውን ይናገራል። የሰሙት ሰዎች ናቸው መዝገቡ። ቃሉ ወደ ጽሑፍ የሚገባው በአብዛኛው ለደብሩ ስጦታ ካለበት ወይም በኋላ ጠብ ተነሥቶ ዳኛ ፊት ከተደረሰ ነው። ስለዚህ ኑዛዜ የሚፈልግ ሰው የሙግት ማስታወሻዎችን ያንብብ፤ እማኞቹ የሟቹን ቃል መልሰው ሲናገሩ በዚያ ያገኛቸዋል። የቃል ኑዛዜ ልማድ ጠንካራ ስለነበር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም አልሻረውም፤ ሞት መቃረቡን የተረዳ ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት የሚናገረውን በተወሰኑ ጉዳዮች ይቀበላል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ የንባብ ስሕተት አለ። በኑዛዜው ውስጥ ስሙ ያልተጠራ ልጅ እንደ ተካደ ወይም እንደ ሞተ ይቆጠራል። ሁለቱም ላይሆን ይችላል። ጎጆ ሲወጣ በሬውንና መሬቱን የተቀበለ ልጅ አባቱ ሲናዘዝ ድርሻው አልቋል። ርስቱ ራሱም በአብዛኛው እንደ ላምና እንደ በሬ በአንድ ሰው ቃል ከዘር የሚወጣ አልነበረም፤ የአቅኚው ተወላጅ ሁሉ መብቱን ይዞ ይቀራል። በኑዛዜ የሌለው ልጅ ከሃያ ዓመት በኋላ ርስት ሲከራከር ቢገኝ የሚያስገርም ነገር የለበትም።

ተረት፦ ቤተ ክርስቲያኑ የተቀበሩትን መዝግቦ ይዟል፤ ባይሆን በእድሩ መዝገብ ይገኛል።

በእንግሊዝ አገር አጥቢያዎች ከ1538 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግቡ ታዘዋል። የእኛ ደብሮች እንደዚያ ያለ የቀብር መዝገብ የመያዝ ልማድ አልነበራቸውም። ገበሬው ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ይቀበራል፤ በላዩ ድንጋይ ይከመራል፤ ስም አይጻፍበትም። ጥቂት ትውልድ ካለፈ በኋላ ቦታውን የሚያውቁት የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው።

ስለ እድር ያለው እምነት ደግሞ የዘመን ስሕተት ነው። አጥኚዎች እድርን በአብዛኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመን የከተማ ፍሬ አድርገው ያዩታል፤ በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ሌላው አገር የተስፋፋ ነው። የ1850ዎቹን ሟች በእድር ደብተር መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ታዲያ ሞት የት ተመዘገበ? በተዝካር ነው። ሣልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፤ በእነዚህ ቀናት የሟቹ ስም በጸሎት ይነሣል። የአርባው ተዝካር ከብት የሚታረድበት፣ ጠላ የሚጠመቅበት፣ ካህናትና ጎረቤት የሚጠሩበት ከባድ ወጪ ነበር፤ አንዳንዱ ቤተሰብ ለዚሁ ብሎ ይበደራል ወይም መሬት ይለቃል። ያ ውል ወንጌሉ ላይ ከሰፈረ የሞቱ ዘመን አብሮ ሰፈረ ማለት ነው። ሁለተኛው መዝገብ ልቅሶው ነው። አልቃሿ የሟቹን አባትና እናት ወገን፣ አገሩንና ሥራውን ስትጠራ ዘር እየቆጠረች ነው፤ በቤተሰብ አፍ የቀሩ የሙሾ ግጥሞች ካሉ አንድም ስንኝ ሳይጣል ይጻፉ።

እዚህ የሚያሳስተው ስሙ ነው። በፍትሐቱና በጸሎቱ የሚጠራው የክርስትና ስም ነው፤ በገበያና በእርሻ የሚጠራው የዓለም ስም ሌላ ነው። አንዱ ገበሬ በውሉ በአንድ ስም፣ በጸሎቱ በሌላ ስም ሲገኝ ሁለት ሰው ይመስላል። በተቃራኒው አንድ ስም ያላቸው ሁለት የተለያዩ ሰዎች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ስም መግጠሙ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ስሙ፣ የአባት ስሙ፣ መሬቱና ደብሩ አራቱም ሲገጥሙ ሰውየው ያ ነው ማለት ይቻላል።

ተረት፦ ዓመተ ምሕረት ያልተጻፈበት ጽሑፍ ዘመኑ አይታወቅም።

ይህን አንድ ጊዜ ሠርቶ ያየ ሰው አይረሳውም። የድሮ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ ዓመቱን በቁጥር አይጽፍም፤ «በዘመነ ማርቆስ» ይልና የንጉሡን፣ የገዢውን ራስ፣ የጳጳሱንና የደብሩን አለቃ ስም ይደረድራል። ወንጌላውያኑ በየአራት ዓመቱ ይመላለሳሉ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለአራት ሲያካፍሉ አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው።

አሁን ማስታወሻው ዘመነ ማርቆስንና ራስ ዓሊን ጠቀሰ እንበል። ዳግማዊ ዓሊ ከ1823 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት በካሣ ኃይሉ እስኪሸነፉ ድረስ ገዝተዋል። በዚህ ውስጥ የማርቆስ ዘመን 1826፣ 1830፣ 1834፣ 1838 እና 1842 ብቻ ነው። ጽሑፉ አቡነ ሰላማንም ከጠራ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይወድቃሉ፤ አቡኑ አገር የገቡት በ1834 ዓ.ም. ነውና፤ ከዚያ በፊት መንበሩ ከአሥር ዓመት በላይ ያለ ጳጳስ ቆይቶ ነበር። ሦስት ዓመት ቀረ። የደብሩ አለቃ መቼ እንደ ተሾመ የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም ሌላ ማስታወሻ ከተገኘ አንድ ዓመት ብቻ ይቀራል።

ተረት፦ ሁሉም በቃጠሎና በክፉ ቀን ጠፍቷል።

ብዙ ጠፍቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጥለዋል፤ የሱዳን ድርቡሽ በጥር 1880 ዓ.ም. ገብቶ የተረፈውን ለእሳት ሰጥቷል። በዚያው ዓመት በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ዕልቂት በሬ አልባ አድርጎ እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ክፉ ቀን አስከተለ። ቤተሰብ ተበተነ፤ ርስት ያለ ወራሽ ቀረ፤ ዘር የሚቆጥሩ አዛውንት በአንድ ክረምት አለቁ። በቤተሰብ ትውስታ ውስጥ ያለው ትልቁ ክፍተት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ነገር ግን ተወሰደ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው ወደ መቅደላ ካጋዟቸው መጻሕፍት 350 ያህሉ እንግሊዞች በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላን ከያዙ በኋላ ለንደን ደርሰዋል፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በኅዳጋቸው የጎንደር መሬት ውል የያዙ አሉባቸው። የአንድ ጎንደሬ ቤተሰብ የርስት ማስረጃ ከመንደሩ ይልቅ ለንደን ሊገኝ መቻሉ ልብ ይነካል፤ መጻሕፍቱ ወደ ባለቤቶቻቸው መመለስ አለባቸው ከሚሉት ወገን ነኝ። አገር ውስጥ ደግሞ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ጀምሮ ከየደብሩ ከ9000 በላይ መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። ቅጂዎቹ አዲስ አበባም አሜሪካ ሚኒሶታም አሉ፤ እነ ጌታቸው ኃይለ ባዘጋጁት ካታሎግ በኅዳግ ያሉ ማስታወሻዎች ጭምር ተጠቅሰዋል።

ተረት፦ ሽማግሌው የቆጠረው ሰባት ትውልድ አንድም ስም አልጎደለውም።

የሽማግሌ ቆጠራ ክቡር ነው፤ የተቆጠረው ግን ለርስት ነው። ለሙግት የሚጠቅመው መስመር ይጠራል፤ ልጅ ያልወለደው፣ አገር ጥሎ የሄደው፣ ርስት ያልደረሰው ይዘለላል። አንዳንዴ አያትና ልጅ ተገናኝተው መካከላቸው የነበረው ይወጣል። ስለዚህ ቆጠራውን በአክብሮት እንደ ተነገረ እንጻፈው፤ ከዚያ ከወንጌሉ ማስታወሻ ጋር እናስተያየው።

የሚቀጥለው ተዝካር ወይም የሙት ዓመት ወደ አገር ቤት የሚወስድህ ወይም የሚወስድሽ አንባቢ ሆይ፤ ሽማግሌዎቹን ሦስት ነገር ጠይቁልኝ፦ የአያታችን እናት ርስት የት ነበር? የክርስትና ስማቸው ማን ነበር? የተቀበሩትስ በየትኛው ታቦት አጸድ ነው? ከዚያ ለደብሩ አለቃ ስለ መጽሐፉ በትሕትና አስፈቅዱ፤ ኅዳጉን በፎቶግራፍ አንሡ፤ መጽሐፉን ከቦታው አታንቀሳቅሱ። የጥንት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው፤ የአያቶቻችሁም ስም የሚነበበው እዚያው ደብሩ ውስጥ ሲቆይ ነው።