ቲዩቡ ሲቀላ ጥፋተኛው ማነው?

ጥር ሲገባ የሰርግ ባንዶች ዕቃቸውን ጭነው ከአዲስ አበባና ከአምቦ በየወረዳው ይሰማራሉ። ወደ ግንደበረቷ ካቺሲ የሚሄዱት ጊንጪ ላይ ወደ ሰሜን ታጥፈው በጎጆ በኩል ያልፋሉ። ከጭነቱ ሁሉ የመኪና መንገጫገጭ፣ የመብራት መዋዠቅና የደጋው ስስ አየር አንድ ላይ የሚፈትኑት ዕቃ ቢኖር በቲዩብ የሚሠራው የጊታር አምፕ ነው።

ይህ ዓይነቱ አምፕ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የአሜሪካ ወታደሮች አስመራ ቃኘው ጣቢያ በነበሩበት ዘመን፣ እነ ሰላም ሥዩም ወልደማርያም በአይቤክስ ባንድ ጊታር በሚጫወቱበት ጊዜም፣ የጊታር አምፖች አብዛኞቹ በቲዩብ የሚሠሩ ነበሩ። ትራንዚስተር ረክሶና ቀልሎ ሳለ ዛሬም የቲዩቡን ድምፅ የሙጥኝ ያሉ ጊታሪስቶች አሉ። በጆሯቸው አልከራከርም፤ ጣጣውን ግን አብረው መግዛታቸውን ይወቁት።

ዋናው ጣጣ ሙቀት ነው። በቲዩቡ መሐል ሄተሩ ካቶዱን ያግላል፤ ከጋለው ካቶድ ኤሌክትሮኖች ይተናሉ፤ ከ400 እስከ 500 ቮልት የተሸከመው ፕሌት ደግሞ ይስባቸዋል። በመካከላቸው ያለው ግሪድ የሚባል የሽቦ ወንፊት ኔጌቲቭ ቮልቴጅ ስለሚሰጠው ኤሌክትሮኖቹን እንደ ልጓም ይይዛቸዋል። ልጓሙ ከላላ በገፍ እየጎረፉ ፕሌቱን ይደበድቡታል፤ ጉልበታቸውም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ቲዩቡ ውስጥ አየር ስለሌለ ፕሌቱ ሙቀቱን የሚያስወጣው በጨረር ብቻ ነው። ብረት ጨለማ ውስጥ ቀልቶ እንዲታይ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መጋል አለበት፤ ስለዚህ ፕሌቱ ቀልቶ ካዩት አምፑን ወዲያውኑ ያጥፉ።

የቲዩብ ብርሃን ሁሉ ግን አደጋ አይደለም። መሐሉ ላይ የሚታየው ብርቱካናማ ፍም ሄተሩ ነው፤ ሥራው ነው። መስታወቱ ላይ የሚንሳፈፍ ሰማያዊ ብርሃንም አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። የሚያስፈራው ግራጫው ወይም ጥቁሩ የፕሌት ብረት ራሱ ሲቀላ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሮጦ አዲስ ቲዩብ ይገዛል። አዲሱም በደቂቃዎች ውስጥ ይቀላና ሁለት ጊዜ ይከሰራል። ከመግዛት በፊት የሚደረግ ቀላል ፍተሻ አለ፦ አምፑ ከጠፋና ከቀዘቀዘ በኋላ ሁለቱን ፓወር ቲዩቦች ቦታ ማቀያየር። የመቅላቱ ችግር ቲዩቡን ተከትሎ ወደ ሌላው ሶኬት ከሄደ ቲዩቡ ሞቷል። እዚያው ሶኬት ላይ ከቀረ ግን ጥፋቱ የአምፑ ነው።

ያን ጊዜ ቴስተር ይወጣል። ኢኤል34 ወይም 6ኤል6 በተባሉት የተለመዱ ቲዩቦች ግሪዱ 5ኛው እግር ነው። ባያስ የሚባለው ይህ የግሪዱ ኔጌቲቭ ቮልቴጅ ከራሱ መስመር በሚመጣበት አምፕ፣ ቲዩቦቹ ወጥተው ሲለካ ሁለቱም ሶኬቶች 5ኛ እግራቸው ላይ ተመሳሳይ ኔጌቲቭ ቮልቴጅ፣ ለምሳሌ 40 ቮልት አካባቢ፣ ሊያሳዩ ይገባል። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ የባያስ መስመሩ ዳዮድ ወይም ካፓሲተር ተበላሽቷል። አንዱ ብቻ ወደ ዜሮ ከቀረበ ከፊቱ ያለው ካፓሲተር ከፍተኛውን ቮልቴጅ ወደ ግሪዱ እያሾለከ ነው፤ ያረጁ አምፖች ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። ሁለቱም ደህና ሆነው ሳለ ቲዩቡ ሲገባ ከቀላ ደግሞ የሶኬቱ መያዣ ላልቶ፣ እግሩ ሶኬቱን በደንብ አልነካ ብሎ ሊሆን ይችላል። በመኪና ሲንገጫገጭ የኖረ አምፕ ይህን በሽታ ያውቀዋል።

ቲዩቡ ከመቅላቱ በፊትም ሙቀቱ በቁጥር ይታወቃል። በካቶዱ መስመር ላይ 1 ኦም ሬዚስተር ካለ፣ በላዩ የሚነበበው 35 ሚሊቮልት ማለት 35 ሚሊአምፔር ነው። ፕሌቱ ላይ 450 ቮልት ካለ ብዜቱ 16 ዋት ያህል ይሆናል። ኢኤል34 የሚችለው 25 ዋት ስለሆነ፣ ሳይጫወት ይህን ያህል መሸከሙ ጤነኛ ነው።

አሁን መብራቱን ያስገቡበት። ስሌቱ የተሠራው በ220 ቮልት ነው እንበል። ሌሊት ላይ ተጠቃሚው ሲቀንስ፣ ወይም ጄነሬተሩ በደንብ ሳይስተካከል፣ 250 ቮልት ቢመጣ ጭማሪው 14 በመቶ ነው። በቲዩብ ውስጥ ግን ሁሉም ቮልቴጅ አብሮ ሲያድግ ኤሌክትሮኑም በዝቶ ይፈስሳል፤ ሙቀቱ በ38 በመቶ ገደማ ይጨምራል። 16ቱ ዋት 22 ይሆናል። በ6.3 ቮልት እንዲሠራ የታሰበው ሄተርም ከ7 ቮልት ያልፋል። ለ120 ቮልት የተሠራ የአሜሪካ አምፕ ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይጠብቀዋል፦ ቮልቴጅ መቀነሻ ትራንስፎርመሩ 220ውን ዝቅ ቢያደርግለትም የእኛን 50 ኸርዝ ወደ 60 አይለውጠውም፤ የአምፑ የራሱ ትራንስፎርመር ከአገሩ የበለጠ ይግላል።

ስለ ከፍታው አንዳንዱ ሰው ያጋንናል። አምቦ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ መስታወቱን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ በእርግጥ ይቀንሳል። የደጋው ብርድ ግን ከፊሉን ይክሳል። እኔን ይልቅ የሚያሳስበኝ አምፑን ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ ከላዩ ጃኬት ደርቦበት የሚጫወተው ሰው ነው። ስፒከሩ ሳይሰካ መጫወትማ ቲዩቡንም ትራንስፎርመሩንም በአንድ ምሽት ሊያሳጣ ይችላል።

የጊታር አምፕ ቲዩብ ዛሬ በዋናነት የሚመረተው በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ነው፤ ሲሰበር በቀላሉ ሱቅ ሄደው የሚገዙት ዕቃ አይደለም። ስለዚህ አዲስ ከማዘዝዎ በፊት የግሪዱን ኔጌቲቭ ቮልቴጅ ያስለኩ፤ አምፑ በሚዞርበት ሁሉ ጥሩ ስታቢላይዘር አይለየው። ሽፋኑን ራስዎ ለመክፈት ካሰቡ ግን አንድ ነገር ይወቁ፦ ከመብራት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ይዘው ይቆያሉ። ማራገፍ የማያውቅ ሰው ለሚያውቅ ባለሙያ ይስጠው።