የዳታቤዝ ዜና መዋዕል ለውጭ አንባቢ ሲሰናዳ

ገንዘብ በሚቆጠርበት፣ ዕቃ በሚገባበትና በሚወጣበት፣ ወይም የሕሙማን ካርድ በሚጠበቅበት መሥሪያ ቤት ሁሉ መረጃው የሚጻፈው ባንድ ዳታቤዝ ቢሆንም፣ ያንኑ መረጃ የሚሹት ብዙዎች ናቸው፤ ሪፖርት አጠናቃሪው ለብቻው ባቆመው ማከማቻ ሊያገኘው ይፈልጋል፤ ማጭበርበርን የሚከታተለውም ዝውውሩ በተፈጸመበት ቅጽበት እንዲደርሰው ይሻል። ይህን ፍላጎት ለመሙላት ለብዙ ዘመን የተያዘው ልማድ ሌሊት ሌሊት ሁሉንም መገልበጥ፣ ወይም በየጥቂት ደቂቃው ወደ ዳታቤዙ እየተመላለሱ «ካለፈው ወዲህ ምን ተለወጠ?» ብሎ መጠየቅ ነበር። ነገር ግን ጠያቂው የሚያገኘው በጠየቀባት ደቂቃ ያለውን ብቻ ስለሆነ፣ በሁለት ጥያቄዎች መካከል «ታገደ» ተብሎ ወዲያው «ተፈቀደ» የተባለው ሒሳብ ከቶ እንዳልታገደ ሆኖ ያልፈዋል፤ የተሰረዘው ረድፍ ደግሞ ከሠንጠረዡ ስለ ወጣ፣ መሰረዙን የሚነግረው አያገኝም።

የአይ ቢ ኤሙ ሊቅ ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ መሠረቱን የጣለለት ሪሌሽናል ዳታቤዝ፣ ማለት መረጃን በረድፍና በዓምድ በሠንጠረዥ የሚያኖረው ሥርዓት፣ በሠንጠረዡ የሚያሳየው የአሁኑን ሁኔታ ነው። ሠንጠረዡ በሥራ ላይ ያሉትን ሹማምንት ስም ዝርዝር ቢመስል፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደ ተሾመና እንደ ተሻረ እያከታተለ የሚያትተው ዜና መዋዕል ግን ከጎኑ አለ፤ ይኸውም ሎግ የሚባለው መዝገብ ነው። የሎጉም ሕግ፣ ማናቸውም ለውጥ በሠንጠረዡ ፋይል ላይ ከመስፈሩ አስቀድሞ በመዝገቡ እንዲጻፍ ያዛል፤ መብራት በድንገት ቢጠፋ ሰርቨሩ ሲነሣ መዝገቡን ካቆመበት ጀምሮ እያነበበ የጎደለውን ይሞላልና። እንግዲህ ይህ መዝገብ ሲደነገግ አንባቢው ራሱ ጸሐፊው ነበር፤ ለውጭ አንባቢ እንዲሆን ለማድረግ የሚያስፈልገው ዝግጅት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ለዚህ ሐተታ ምሳሌ እንዲሆነን ፖስትግረስን እንያዝ። ይህ ዳታቤዝ እ.ኤ.አ. በ1986 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በማይክል ስቶንብሬከር መሪነት ሲወጠን፣ የቀድሞውን ረድፍ ሳይደመስስ አዲሱን በተጨማሪ ስለሚያኖር የተለየ ሎግ አያስፈልገውም የሚል አሳብ ነበረው፤ ያ አሳብ ግን አልጸናም፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው 7.1 እትም አስቀድሞ የሚጻፈው ሎግ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓመት መጨረሻ በወጣው 9.4 እትም ደግሞ ሎጉን ፈትቶ የውጭ ፕሮግራም በሚረዳው መልክ የማውጣት ችሎታ ተጨመረለት። ሎግ አልባ ሊሆን የታሰበው ሥርዓት ዛሬ ሎጉን በማንበብ ከሚሠሩት እንደ ዴቤዚየም ካሉ ፕሮግራሞች ጋር ስሙ ሲነሣ መስማት፣ የምርምርን ጉዞ ለሚከታተል ሰው ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ዝግጅት ሎጉ ምን ያህል እንዲናገር እንደሚፈለግ መወሰን ነው። ፖስትግረስ «ዋል ሌቨል» በሚባለው ቅንብሩ ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ ሚኒማል የሚባለው ከውድቀት ለመነሣት የሚበቃውን ያህል ብቻ ይጽፋል፤ ሲጫን የሚመጣው ሬፕሊካ፣ ዳታቤዙን እንዳለ ለሚገለብጥ መንታ ሰርቨር የሚበቃ ነው፤ የትኛው ረድፍ እንዴት እንደ ተለወጠ ለውጭ አንባቢ ተፈትቶ እንዲወጣ ግን ሎጂካል የሚባለው ሦስተኛው ደረጃ ግዴታ ነው። ደረጃውን የመቀየሩ ትእዛዝ አንድ መሥመር ቢሆንም የሚጸናው ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሣ ነውና፣ ቀን ከሌት ደንበኛ የሚያስተናግድ ድርጅት አስቀድሞ ሰዓት መምረጥና ማስታወቅ አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ ብዙዎችን የሚያሰናክለው የረድፍ መታወቂያ ነው። አንድ የሒሳብ ሠንጠረዥ የሒሳብ ቁጥር፣ ስምና ቀሪ ገንዘብ የሚሉ ዓምዶች ቢኖሩት፣ የሒሳብ ቁጥሩም ዋና ቁልፍ ተብሎ ቢሰየም፣ ረድፉ በተሰረዘ ጊዜ ሎጉ ለአንባቢው የሚያስተላልፈው ቁልፉን ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ይህ የሆነው ሒሳብ ተሰርዟል ይላል እንጂ ሲሰረዝ 500 ብር ነበረበት አይልም። የቀድሞው ረድፍ በሙሉ እንዲመጣ የሚሻ ሰው «ሬፕሊካ አይደንቲቲ ፉል» ብሎ ማዘዝ ይኖርበታል፤ በዚህ ጊዜ በእያንዳንዱ ማሻሻያ አሮጌውም አዲሱም ስለሚጻፍ የሎጉ ክብደት ይጨምራል። ከሁሉ የከፋው ግን ዋና ቁልፍ የሌለው ሠንጠረዥ ነው፤ እንዲህ ያለው ሠንጠረዥ መታወቂያ ሳይበጅለት ለሥርጭት፣ ማለት ለውጡ ለውጭ አንባቢ እንዲተላለፍ፣ ከተመዘገበ፣ ፖስትግረስ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በእርሱ ላይ የሚቀርበውን ማሻሻያና ስረዛ አልቀበልም ብሎ ስሕተት ይመልሳል። ለዓመታት ያለ እንከን ሲሠራ የኖረ ፕሮግራም፣ ማንም ሳይነካው፣ ከዚህ የተነሣ ይቆማል። ስለዚህ ቁልፍ አልባ ሠንጠረዦችን ከሥርጭቱ በፊት ለቅሞ ማውጣት ግድ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ረቂቅ ነገር አለ። ረድፉ ከ2 ኪሎባይት ገደማ ሲያልፍ ፖስትግረስ ረጃጅሙን ጽሑፍ ወደ ሌላ ሥፍራ አውጥቶ ያኖረዋል፤ በማሻሻያ ጊዜም ያ ጽሑፍ ካልተነካ ከአዲሱ ረድፍ ጋር አይልከውም። አንባቢው ፕሮግራም ይህን ዝምታ «ጠፍቷል» ብሎ ከተረጎመው፣ በቅጂው ላይ ያለውን ደኅነኛ ጽሑፍ በገዛ እጁ ይደመስሳል።

ስለ ተጠቃሚው ሥልጣን ብዙ ማለት አያሻም፤ ለአንባቢው ፕሮግራም የተለየ ስም ይከፈትለት፣ ሎጉን የማንበብና የታዘዙለትን ሠንጠረዦች የማየት ፈቃድ ይሰጠው፣ የሁሉ አዛዥ የሆነው ስም ግን አይሰጠው። «ሁሉም ሠንጠረዥ ይሰራጭ» የሚለው አጭር ትእዛዝ ለቸኮለ ሰው የሚመች ቢሆንም፣ የሠራተኛውን ደመወዝ ከዕቃው ዋጋ ጋር አብሮ ያስወጣልና አልወደውም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው 15ኛው እትም ወዲህ ዓምድ እየለዩ መስጠት ይቻላል።

የነገሩ ሁሉ እምብርት ስሎት ነው። ስሎት ማለት ሰርቨሩ ለአንባቢው የሚይዝለት ምልክት ነው፤ አንባቢው «እስከዚህ ድረስ ተቀብያለሁ» ብሎ እስኪያረጋግጥ ድረስ ከዚያ በኋላ ያለው ሎግ አይጣልም። ስሎቱ በተከፈተበት ነጥብ ሠንጠረዦቹ እንዳሉ ይገለበጣሉ፤ ከዚያ ነጥብ ወዲህ ያለው ለውጥም ከሎጉ ይቀጥላል፤ በዚህም ዘዴ በቅጂውና በለውጡ መካከል የሚሾልክ ነገር አይኖርም። ይህ ቃል ኪዳን ግን ሰርቨሩንም ያስረዋል። አንዱ የሎግ ፋይል እንደ ልማዱ 16 ሜጋባይት ነው፤ ሰርቨሩ በደቂቃ አንድ ፋይል ብቻ ቢጽፍ፣ አንባቢው ፕሮግራም ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ወድቆ ሰኞ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ቢታወቅ፣ 60 ሰዓት ሙሉ የተጠራቀመው ሎግ 57,600 ሜጋባይት ይደርሳል። ዲስኩ ከሞላ የሚቆመው አንባቢው አይደለም፤ እርሱ አስቀድሞ ቆሟል፤ የሚቆመው ደንበኛ የሚያስተናግደው ዋናው ዳታቤዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው 13ኛው እትም ስሎት ይዞ የሚያቆየው ሎግ ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ የሚያደርግ ቅንብር አምጥቷል፤ ሲጫን ግን ወሰን የለውም። ወሰን ካደረጉበት አንባቢው ሲዘገይ ስሎቱ ይበላሻል፣ ግልበጣውም ከመጀመሪያው ይደገማል። እኔ ወሰን ይደረግበት ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ቅጂ ቢበላሽ እንደገና ይገለበጣል፣ በቆመ ባንክ ደጃፍ የተሰለፈ ሰው ግን አይጠብቅም።

ሌላው ዳታቤዝ ማይ ኤስ ኪው ኤል በዚህ ረገድ ተቃራኒውን መንገድ ይዟል። ቢንሎግ የሚባለው መዝገቡ እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው 8.0 እትም ወዲህ ሳይታዘዝ ይጻፋል፣ ሲጫንም ለ30 ቀን እንዲቆይ ተደርጎ ይመጣል፤ ነገር ግን ሰርቨሩ የአንባቢውን መምጣት አይጠብቅም፤ ቀኑ ሲሞላ አሮጌው ፋይል ይጣላል፣ የዘገየውም ያለ መዝገብ ይቀራል። ኦራክል በበኩሉ ያለቁ የሎግ ፋይሎች ተጠብቀው እንዲቀመጡና ተጨማሪ ዝርዝር እንዲጻፍ ለይቶ መታዘዝን ይጠይቃል።

ዝግጅቱ ከተፈጸመ በኋላም የሚቀሩ ነገሮች አሉ። የፖስትግረስ ሎጂካል ሥርጭት የረድፎችን ለውጥ እንጂ የሠንጠረዡን ቅርጽ ለውጥ አያስተላልፍም፤ ዓምድ የሚጨምር ሰው በቅጂው ላይ አስቀድሞ፣ በዋናው ላይ ቀጥሎ መጨመር አለበት። አንባቢውም ማረጋገጫውን ሳይልክ ቢወድቅ ሲነሣ ያንኑ ለውጥ ዳግመኛ ስለሚቀበል፣ ሁለተኛው አቀባበል ሒሳቡን እንዳያናጋ ሆኖ መሠራት ይኖርበታል። ለሙከራ ተከፍቶ የተረሳ ስሎትም እንደሚሠራው ሁሉ ሎግ እያስያዘ ይቀመጣል፤ አንባቢው ፕሮግራም ሥራውን ጨርሶ ሲወገድ ስሎቱን የሚሰርዘው ማን እንደሆነ ከመክፈቻው ትእዛዝ ጋር አብሮ ይጻፍ፤ የስሎቶቹንም ዝርዝር በየሳምንቱ የሚያይ ሰው ይመደብ።