«ዶልፊኑ» ሞተሩ የራሱ ነው?

ከደቡብ አፍሪካ ወደ ሆሳዕና፣ ዱራሜና ሾኔ የሚላከው ገንዘብ ከሚውልባቸው ንብረቶች አንዱ ያገለገለ ቶዮታ ሚኒባስ ነው። «ዶልፊን» የሚባለው ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1989 ገበያ ላይ የዋለ በመሆኑ ሞተሩ ተለውጦ ቢገኝ አያስገርምም።

ገዢ በቅድሚያ የፋብሪካውን ሰሌዳ ያንብብ። የሞዴሉ መለያ በ«ኤል ኤች» ከጀመረ መኪናው የተሠራው በናፍጣ ሞተር ነው፤ በ«አር ዜድ ኤች» ከጀመረ በቤንዚን። ሰሌዳው ቤንዚን እያለ መኪናው ናፍጣ የሚቀዳ ከሆነ ሞተሩ ተለውጧል።

ሁለቱ ቢስማሙም በብሎኩ ላይ የተመታው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። ቴስታታ ቢለወጥ ቁጥሩ ያው ነው፤ ብሎኩ ከተለወጠ ግን ይለያል። ቁጥሩ ተፍቆ ከተገኘ ቀብድ አይከፈልም።

የተለወጠ ሞተር ሁሉ መጥፎ አይደለም። ለውጡ ሊብሬው ላይ ካልሰፈረ ግን የስም ዝውውሩ ይሰናከላል፤ ጣጣውም የገዢው ይሆናል።