በነፃ በሚታደል ሸቀጥ ውዱ ነገር የፈታሽ ሰዓት ነው

የሊኑክስ ሶፍትዌር በነፃ የሚታደል ሸቀጥ ነው። ይሁንና ተጠቃሚው እጅ ከመድረሱ በፊት የሚደረግበት ፍተሻ ወጪ አለው። ወጪው የሚከፈለው በብር ሳይሆን በሰው ሰዓት ነው።

በፓይተን ቋንቋ የተጻፉ ፕሮግራሞች ሁለት ገበያ አላቸው። አንደኛው ፓይፒአይ የተባለው ማከማቻ ነው፤ መዝገብ የከፈተ ሁሉ ያለ ቅድመ ምርመራ ሥራውን ያቀርብበታል። ሁለተኛው እንደ ፌዶራ ያለው የሊኑክስ ሥርጭት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረውና በሬድ ሃት ኩባንያ የሚደገፈው ፌዶራ አዲስ ጥቅል የሚቀበለው ከአቅራቢው ሌላ የሆነ ሰው መርምሮ ሲያጸድቀው ነው።

ፈታሹ ፈቃዱን ይመለከታል፤ ውሉ በነፃ ማሰራጨትን የሚከለክል ከሆነ ጥቅሉ ይወድቃል። የቀረበው ምንጭ ከዋናው አዘጋጅ ሥራ ጋር አንድ መሆኑን ያመሳክራል። ከዚያም ጥቅሉ ከኢንተርኔት በተለየ ንጹሕ ሥፍራ ከምንጩ ተነሥቶ መሠራቱን ያረጋግጣል። አቅራቢው ሳያስመዘግብ የቀረ ደጋፊ ፕሮግራም ቢኖር የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው።

ከፈታሾቹ ብዙዎቹ በፈቃደኝነት የሚሠሩ ናቸው። የድካማቸው ፍሬ ግን ገበያ ይወጣል፤ ሬድ ሃት ለድርጅቶች በዓመታዊ ክፍያ የሚያቀርበው ሊኑክስ መነሻው ፌዶራ ነው። አይቢኤም ይህንኑ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 የገዛው በ34 ቢሊዮን ዶላር ነበር።

የአሠራሩ ክፍተት ፍተሻው በመግቢያው በር ላይ መሆኑ ነው። አንዴ የገባ ጥቅል ሲታደስ እንደ አዲስ አይመረመርም፤ ኃላፊነቱ በተረካቢው ላይ ይወድቃል። ይህ የሚያስከትለው አደጋ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ታይቷል። ፓይተን ሳይሆን ሌላ መሣሪያ የሆነው ኤክስዜድ፣ በዕድሳት ስም ድብቅ የኋላ በር ይዞ ወደ ፌዶራና ዴቢያን የሙከራ ዕትሞች ገባ። ተንኮሉ በራሱ በዋናው ምንጭ ውስጥ ስለነበር ምንጭን ማመሳከር ብቻውን አያድንም ነበር። ያጋለጠው የማይክሮሶፍቱ መሐንዲስ አንድሬስ ፍሮይንድ ሲሆን፣ የጠረጠረውም ከሩቅ ወደ ኮምፒዩተር መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ነው።

ገበያው ከዚህ የሚማረው ግልጽ ነው። እጥረቱ የፕሮግራም ሳይሆን ፕሮግራሙን አንብቦ የሚመሰክር ዓይን ነው። በነፃው ሸቀጥ የሚያተርፉ ድርጅቶች ለፍተሻው ሰዓት ካልከፈሉ፣ የግማሽ ሰከንድ ዕድል ሁልጊዜ አይገኝም።