የሲኒ ጌጥ
በልደታም ሆነ በሌላው ሰፈር ረከቦት ላይ የሚደረደረው ሲኒ ስሙን ያገኘው «የቻይና» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው። ጌጡ ግን በሁለት መንገድ እንደሚሠራ ልብ ብለዋልን?

ሰማያዊው ኮባልት በሸክላው ላይ ተሥሎ፥ መስተዋት መሳዩ ልባስ ከተደረበበት በኋላ በ1300 ዲግሪ ገደማ ስለሚተኰስ አይለቅም። ወርቁ ግን ከልባሱ በላይ ተቀብቶ በ800 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሚተኰስ በአመድ ቢፈትጉት ይለቃል።

በጃፓን፥ በአሪታ ከተማ የታወቁት ኢማይዙሚ ኢማኤሞን 14ኛ ደግሞ ጌጡን አስቀድመው በጽሕፈት ቀለም ይሥላሉ። በላዩ ኮባልት ሲቀቡ የተሣለበት ስፍራ አይቀበልም፤ በእሳት ጊዜ የጽሕፈቱ ቀለም ተቃጥሎ ይጠፋና ነጩ ሥዕል ይቀራል።

እንግዲህ ለእንግዳ የሚያወጡት ባለወርቅ ሲኒ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይታጠብ፤ ውበቱ ያለው ከልባሱ በላይ ነውና።