አትጎትቷት፣ ጫኗት

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና መንገድ ላይ ሲቆም መላው የታወቀ ነው። ሁለት ሦስት ወጣቶች ከኋላ ይገፋሉ፣ ሾፌሩ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ይለቅቃል፤ እምቢ ካለም ገመድ ተፈልጎ ከሌላ መኪና ኋላ ይታሰራል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የበረከቱት የኤሌክትሪክ መኪኖች ግን ይህን ደግነት አይችሉትም። ተገፍቶ መነሣት የሚባል ነገር አያውቁም፤ በገመድ መጎተት ደግሞ ካቆማቸው ችግር የባሰ ጉዳት ሊያመጣባቸው ይችላል።

ምክንያቱ ያለው ሞተሩ ውስጥ ነው። በአብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች የሞተሩ ተሽከርካሪ ክፍል ቋሚ ማግኔት ተሸክሟል፤ በዙሪያው የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ሽቦው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔቱ ይዞራል፣ ጎማውንም ያዞራል። በተገላቢጦሽ ጎማው ከውጭ ሲዞር ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆናል። ቁልቁለት ላይ ባትሪው የሚሞላው በዚሁ መንገድ ነው፤ ያኔ ግን ኮምፒውተሩ ነቅቶ ኃይሉን ይመጥናል፣ የማቀዝቀዣው ፓምፕም ይሠራል። የጠፋች መኪና ስትጎተት ሁሉም ተኝቷል። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ቮልቴጁ እየጨመረ ይሄዳል፤ መቆጣጠሪያ ያጣው ኃይልና ሙቀት ኢንቨርተሩን (በባትሪውና በሞተሩ መካከል ኃይሉን የሚቀይረውን ክፍል) ወይም ሞተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ዜሮ ማርሽም ብዙ አያድንም። በአብዛኞቹ ላይ ዜሮ ማርሽ ለሞተሩ ኃይል መንፈግ እንጂ ሞተሩን ከጎማው መለየት አይደለም። «እንግዲያው እየተጎተተች ትሞላ» የሚል ብልህ አይጠፋም፤ ብልሃቱ ከኢንቨርተር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ግን አያዋጣም።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ፍጹም አዲስ አይደለም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው የቤንዚን መኪኖችም ሞተራቸው ጠፍቶ ሩቅ መጎተት የለባቸውም፤ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ የሚሠራው ሞተሩ ሲነሣ ብቻ ነውና። ያንን ማስጠንቀቂያ ስንቶቻችን እንደሰማነው አላውቅም።

ስለዚህ አስተማማኙ መንገድ አራቱንም ጎማ ከመሬት ማንሣት ነው፤ ማለትም ጠፍጣፋ ጫኝ መኪና መጥራት። የፊቱን አንጠልጥሎ የኋላውን እያንከባለሉ መውሰድ የሚያዛልቀው ኃይል የሚቀበሉት የፊት ጎማዎች ከሆኑ ብቻ ነው፤ ቢዋይዲ ዶልፊንና ሲጋል እንዲህ ናቸው። የተለመደው የቮልስዋገን አይዲ 4 ግን የሚገፋው ከኋላ ነው። ከፊት ማንጠልጠል ለእሷ መጎተት ማለት ነው። በአራቱም ጎማ የሚሄዱት ላይ ደግሞ ከፊትም ሆነ ከኋላ ማንጠልጠል አይሠራም።

ጫኙ መጣ እንበል። ብዙ ጊዜ ጣጣው የሚጀምረው ከትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ እንኳ እሷ ከሞተች በር ላይከፈት፣ የኤሌክትሪኩ የእጅ ፍሬንም ላይለቅ ይችላል። መጀመሪያ ለእሷ ከውጭ ኃይል መስጠት ነው። ከዚያ መኪናዋ በነፃ እንድትንከባለል የሚያደርገውን ትእዛዝ ከስክሪኑ መፈለግ ይመጣል። እዚህ ላይ የእኛ አገር ችግር ይታያል፦ ብዙ ሰው የሚነዳት አይዲ 6 የተሠራችው ለቻይና ገበያ ብቻ ስለሆነ መመሪያዋ በቻይንኛ ነው። ትእዛዙ የት እንዳለ መንገድ ዳር ቆሞ ከመፈለግ በሰላሙ ጊዜ አስተርጉሞ ማወቅ ይሻላል። ፍሬኑ ጨርሶ እምቢ ካለ ከጎማዎቹ ሥር ትንንሽ ባለጎማ ማንሸራተቻ ይገባል እንጂ የተያዘ ጎማ አስፋልት ላይ አይጎተትም።

መኪናዋን ወደ ጫኙ የሚስበው ዊንች የሚታሰረው ፓራውልቱ ላይ ባለው ቀዳዳ በሚጠመዘዘው ቀለበት ነው፤ ቀለበቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመኪናዋ መሣሪያዎች ጋር ይቀመጣል። ከታች ገብቶ ያገኙት ብረት ላይ መንጠቆ ማሰር ክልክል ነው፤ ወለሉ ሥር የተነጠፈው ባትሪው ነውና። ከላይ ከወጣች በኋላም የሚታሰሩት ጎማዎቹ ናቸው፣ በጭነት ቀበቶ። ክብደትም አይረሳ፦ የአይዲ 4 ትልቁ ባትሪ ብቻውን ወደ 500 ኪሎ ግራም ይጠጋል፣ መኪናዋ በሙሉ ከ2 ቶን በላይ ናት።

የተጋጨች ወይም ጎርፍ የገባባት መኪና ሌላ ጉዳይ ናት። ብርቱካናማ ኬብሎቿ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይሸከማሉ፤ ሥልጠናና መከላከያ ጓንት የሌለው ሰው አይነካቸውም። የተጎዳ ባትሪ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ሊቀጣጠል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ ለደኅንነት ፈተና የተጋጨች ሸቭሮሌ ቮልት የጋየችው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር፤ በአጠገቧ የቆሙ መኪኖችም አብረው ተቃጠሉ። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መመሪያ እንዲህ ያለችው መኪና ከሕንፃና ከሌሎች መኪኖች 15 ሜትር ያህል ርቃ እንድትቀመጥ ይመክራል። መኪና በመኪና ላይ በተጠጋጋበት የአዲስ አበባ ጋራዥ 15 ሜትር ቅንጦት ይመስላል። ቢያንስ ግን ከምድር ቤት መኪና ማቆሚያ ትራቅ፣ በግቢው ክፍት ጥግ ትቁም፤ ጫኙም ጋራዡም ባትሪዋ እንደተመታ ከመረከባቸው በፊት ይነገራቸው።