መንጋጋ ከተነቀለ በኋላ፦ ሕመምና እብጠትን እንዴት እንቀንስ?



ውድ የጀመዓችን ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ እትም የጤና ዓምዳችን ስለ «ዊዝደም ቱዝ»፣ ማለትም ከጥርሶች ሁሉ ዘግይቶ ከኋላ ስለሚበቅለው መንጋጋ እንነጋገራለን። ይህ ጥርስ ብዙውን ጊዜ ብቅ የሚለው ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ይህ ደግሞ አብዛኞቻችን በግቢ የምናሳልፈው ጊዜ ነው። ቦታ ካጣ ተጋድሞ ወይም ድድ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ያኔ ሐኪሙ ድዱን ሰንጥቆ፣ አንዳንዴም ዙሪያውን ያለውን አጥንት ጥቂት አንስቶ ያወጣዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ብዙዎቻችንን ያደናግራል። አንዱ በሁለተኛው ቀን ጉንጩ ሲያብጥ ደንግጦ አንቲባዮቲክ ይገዛል። ሌላው በአራተኛው ቀን ሕመሙ ሲብስበት «ያልፋል» ብሎ ዶርም ይተኛል። የመጀመሪያው ያለ ምክንያት ደነገጠ፤ ሁለተኛው መደንገጥ ሲገባው ዝም አለ። ስለዚህ በየትኛው ቀን ምን እንደሚጠበቅ ማወቅ ከመድኃኒቱ እኩል ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ቀን፦ የረጋውን ደም መጠበቅ

ጥርሱ በወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ደም ይረጋል። ይህ የረጋ ደም አጥንቱንና ነርቩን የሚሸፍን የተፈጥሮ ፋሻ ነው። ሐኪሙ ያስነከሰንን ጎዝ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ጠበቅ አድርገን እንንከስ። በየደቂቃው እያወጣን አንየው። በ24 ሰዓት ውስጥ አፍን በኃይል መጉመጥመጥ፣ ደጋግሞ መትፋት፣ ጁስ በስትሮ መምጠጥና ትኩስ ነገር መጠጣት የረጋውን ደም ሊነቅሉት ይችላሉ። ምራቅ ውስጥ ቀላ ያለ ነገር ቢታይ አያስደነግጥም፤ ትንሽ ደም ብዙ ምራቅ ያቀላል።

ሕመሙን መቅደም

የማደንዘዣው ኃይል በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ማስታገሻ የሚወሰደው ሕመሙ ከበረታ በኋላ ሳይሆን ማደንዘዣው ሳይለቅ ነው። ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ በስተቀር፣ ለጤነኛ አዋቂ ኢቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ከምግብ በኋላ፣ ፓራሲታሞል 1000 ሚሊ ግራም፣ ሁለቱንም በየ8 ሰዓቱ መውሰድ ይቻላል። ሁለቱ የሚሠሩበት መንገድ የተለያየ በመሆኑ አብረው ሲወሰዱ አንዱ ብቻውን ከሚሰጠው የተሻለ እፎይታ ይሰጣሉ። ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች የሆነ ሰው የፓራሲታሞሉን መጠን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ጥንቃቄም አለው። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም አስም ያለበት፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር የሆነች እህት ኢቡፕሮፌን ከመውሰዳቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። ዲክሎፌናክ የታዘዘለት ሰው ኢቡፕሮፌን አይደርብበት፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። አስፕሪን ደግሞ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ለዚህ ሕመም አይሆንም።

እብጠቱ

እብጠት ቁስሉ መዳን መጀመሩን ያሳያል። እየጨመረ ሄዶ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ጣሪያው ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ይቀንሳል፣ በሳምንት ገደማም ይጠፋል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናውን ከፈተና በፊት ባለው ቀን አንቀጥረው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በጉንጭ ላይ ለ20 ደቂቃ በረዶ መያዝ፣ ለ20 ደቂቃ ማሳረፍ ያግዛል። ዶርም ፍሪጅ ከሌለ ከሱቅ የተገዛ የቀዘቀዘ ውኃ በፎጣ ጠቅልሎ መያዝ ይበቃል። ባዶ በረዶ ቆዳ ላይ አይደረግም። ሲተኙ ትራስ ደረብ አድርጎ ጭንቅላትን ከፍ ማድረግም ይጠቅማል። ከሁለት ቀን በኋላ በረዶው ብዙም አይረዳም፤ ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ፎጣ መንጋጋውን ያፍታታል። አንቲባዮቲክ ግን ተህዋሲያንን እንጂ እብጠትን አያጠፋም፤ ካልታዘዘ አንግዛ።

ምግብና ንጽሕና

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የቀዘቀዘ አጥሚት፣ እርጎ፣ ሙዝ፣ አቮካዶና ለብ ያለ ሾርባ ይስማማሉ። ሚጥሚጣ፣ ቆሎና ደረቅ ዳቦ ይቆዩ። ሲጋራና ጫት ቁስሉን ያዘገያሉ። ከ24 ሰዓት በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ በጥብጦ ከምግብ በኋላ ቀስ አድርጎ አፍን ማጠብ ጥሩ ነው። ብሩሽም ሆነ ሚስዋክ ቁስሉን ሳይነካ ሌሎቹን ጥርሶች ያጽዳ።

ውዱእ፣ ሶላትና ጾም

በመጀመሪያው ቀን ለውዱእ ውኃ አፍ ውስጥ ስናስገባ ሳንጉመጠመጥና ሳንተፋ፣ ጎንበስ ብለን በራሱ እንዲፈስ እንተወው። ሱጁድ ላይ ደሙ የሚመለስበት ወይም ሕመሙ የሚበረታበት ሰው ለታማሚ የተሰጠው ማቅለያ አለውና ተቀምጦ በምልክት መስገድ ስለሚችልበት ሁኔታ ኡስታዞችን ይጠይቅ። አስቸኳይ ካልሆነ ቀጠሮውን ከረመዳን ውጭ ማድረግ ይሻላል፤ ኢቡፕሮፌን በባዶ ሆድ ጨጓራን ይጎዳል። በረመዳን ግድ ከሆነም ለታማሚ ማፍጠርና በኋላ ቀዷ ማውጣት ተፈቅዷል።

መቼ ወደ ሐኪም እንመለስ?

ሕመም በየቀኑ መቀነስ አለበት። ከ3ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ ወደ ጆሮ የሚወጋ ከባድ ሕመምና መጥፎ ጠረን ከመጣ የረጋው ደም ወጥቶ አጥንቱ ተጋልጦ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች «ድራይ ሶኬት» ይሉታል። ሐኪሙ ጉድጓዱን አጥቦ መድኃኒት ሲያደርግበት ቶሎ ያስታግሳል፤ በማስታገሻ ብቻ መታገስ ግን ሥቃይን ማራዘም ነው። ከ3ኛው ቀን በኋላ የሚጨምር እብጠት፣ መግል፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ወይም በማግስቱም ያልለቀቀ የከንፈር መደንዘዝ ካለ ሳንዘገይ እንመለስ። ጎዝ ለ30 ደቂቃ ጠበቅ አድርገን ነክሰን የማይቆም ደም፣ ወደ አንገት የሚወርድ እብጠት፣ ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ መቸገር ካለ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል እንሂድ። የዶርም ጓደኛችሁ እንዲህ ሆኖ ብታዩት እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ይዛችሁት ሂዱ።

አላህ የታመሙትን ያሽርልን፣ ለሁላችንም ዓፊያ ይስጠን። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ወሰላሙ ዓለይኩም።